ሰው ያለበት ሱቅ

ሰኔ 12፣ 2014

ዛሬ ሱቁን ልቀቁ ተባልን።

የተናገረው አራርሳ ነው፤ የቤቱ ባለቤት የእትዬ ዲሪቤ ልጅ። ጅማ ተምሮ፣ ሥራ አጥቶ ከፋሲካ ወዲህ እናቱ ጋ ተቀምጧል። ሞባይል መጠገኛ ሊከፍትበት ነው። ሱቁንም፣ ከኋላው የምንኖርበትንም ክፍል፣ ትምህርት ሳይከፈት እንድናስረክብ ሱቁ ውስጥ ጫማ ለሚነግደው ለባሌ ለሱፊያን ነገረው። ሱፊያን በኦሮምኛ ሲመልስለት እሱ ወደ አማርኛ ዞረ። ቋንቋው የሱ ብቻ መሰለው።

እትዬ ዲሪቤ ከኋላው ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እዚህ ቤት ነው ሙሽራ ሆኜ የገባሁት። ምጥ ሲይዘኝ ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ልጄን ሴና ብለው ስም ያወጡላትም እሳቸው። የስልጤ ልጅ ሴና ስትባል አባቴ ደስ አላለውም ነበር፤ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው አልልም። ዲሪቤ ናት። መጣች፣ ሄደች፣ አለች።

ሱፊያን እራቱን በላ፣ አስጨመረ፣ ተኛ።

ሰኔ 15

ጥድፊያ። የዩኒፎርም ጊዜ ነው። በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ሰማያዊ ጨርቅ ተከምሯል። ዲሪቤ በፊቴ አለፈች። ቀና አላልኩም። ተመልሳ አለፈች። ክር በጠስኩ።

ሱፊያን ከኦሮሚያ ውጭ፣ ማሻ ከተማ ለሚነግደው ታላቅ ወንድሙ ለጋሼ ሸምሱ ደወለ። ኑ፣ ሱቅ አገኝላችኋለሁ ብሏል።

ሰኔ 21

መጀመሪያ እዚሁ መቱ እንፈልግ ብዬ ሱፊያንን ይዤው ዞርኩ። ከገበያው በላይ ባዶ ሱቅ አለ። ሴትዮዋ ከፍታ አሳየችን፤ ወደድነው። ከዚያ የየት ልጆች ናችሁ አለች። ወላጆቻችን ከስልጤ እንደመጡ፣ እኔ ግን እዚሁ መቱ እንደተወለድኩ ነገርኳት። ለዩኒቨርሲቲ ሰው ቃል ገብቻለሁ አለች። በሩን ስትከፍትልን ለማንም ቃል አልገባችም ነበር።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጠው ሰውዬ ለጓደኛው በኦሮምኛ፣ "እነሱ የትም ብትጥላቸው ይነግዳሉ" አለው። ጓደኛው ሳቀ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ፤ ሱፊያንም ተከተለኝ። ከዚያ እስከ ቤት በጭቃ። ምናልባት ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወሩት። ምናልባት ስለ ፍየል ነጋዴዎች ነው።

ሰኔ 26

ጎሬም ሄደን አየን። ክፍት ቤት ሞልቷል፤ ገበያ የለም። ሱፊያን ኮረብታው ላይ ቆሞ ቁልቁል እያየ፣ "እዚህ ማን ጫማ ይገዛኛል፣ ደመናው?" አለ። ከሰሞኑ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይኸው ነው።

ሐምሌ 2፣ አረፋ

በየዓመቱ ለዲሪቤ ዳቦ እደፋለሁ፤ ሥጋችንን ስለማትበላ። ዘንድሮ አልደፋም ብዬ ነበር። ደፋሁ። ለራሳችን ነው።

ከሰዓት ሳየው ግማሹ የለም። ሴና ይዛላት ሄዳለች። ጆሮዋን ያዝኩና እናትሽን ከቤት የምታስወጣ ሴት ናት አልኳት። "አኮ አይደለችም፤ አራርሳ ነው" አለች። አኮ ነው የምትላት፤ አያቴ ማለቷ ነው። የወለደችኝ እናቴ ስልጤ ተመልሳ ቁጭ ብላ።

ከዛሬ ጀምሮ አጥሩን እንዳታልፍ ከለከልኳት። በበዓል ቀን ልጅ አስለቀስኩ።

ሐምሌ 9

ዝናብ። መብራት የለም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሥራችን ሁለቱን አገር ማስተያየት ሆኗል። ሱፊያን ስለ ማሻ ያወራል። ክልሉ አዲስ ስለሆነ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ደግሞ ሸሚዝና ጫማ ይፈልጋል ይላል። የቢሮው ሥራ በአማርኛ ነው፤ ማመልከቻ ጻፉልኝ ብለን ሰው ደጅ አንጠናም ይላል። እኔ ደግሞ መቱ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው እላለሁ። ወደየትም ለመሄድ ሚኒባስ አይጠፋም። የማውቀው ደንበኛ አለኝ፤ የስንቱን ልጅ ወገብ ሳልለካ አውቃለሁ። ሴናም የተማረችው በኦሮምኛ ነው፤ እዚያ እንደገና ከምን ልትጀምር ነው?

እንዲህ ብዬ እየተከራከርኩ የዲሪቤ ሳል ከግድግዳው ወዲያ ይመጣል። ያኔ እንሂድ እላለሁ። በቃ እንሂድ፣ ነገ እንሂድ።

ክረምት ክረምት ሳሉ ይብስባታል። ካላፈሉላት ዝንጅብል አታፈላም። የራሷ ጉዳይ።

ሴና ከአልጋዋ ሆና "ሂን ዴሙ" አለች፤ አልሄድም። አባቷ ተኚ አላት። አማርኛ ትናገራለች እንጂ ለማንበብ ፊደል በፊደል ነው የምትሄደው፤ ይህን ደብተር ብታገኘው እንኳ አንድ ገጽ ሳትጨርስ ይሰለቻታል። እስከ ዛሬ በዚህ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ልጄ የማታነበውን ነገር እየጻፍኩ እንደሆነ አሰብኩና ደስ አላለኝም።

ሐምሌ 19፣ ማሻ

ብቻዬን መጣሁ። ሱፊያን ሱቁ ተዘግቶ ከዋለ አራርሳ ቁልፉን ይቀይራል ብሎ ፈራ። ከጎሬ በኋላ መንገዱ ሁሉ ጫካና ጉም ነው። ኬላው ላይ አስወርደው ፈተሹን። ፖሊሱ መታወቂያዬን አገላብጦ "ከኦሮሚያ ነሽ" አለ። እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያ ነው። መቱ ውስጥ ማንም ብሎኝ አያውቅም።

የጋሼ ሸምሱ ሚስት በር ላይ ሳመችኝና፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ስንት ቀን እንደምቀመጥ ጠየቀችኝ።

ሐምሌ 20

እንዳየሁት ልጻፍ፤ ሱፊያን ሲጠይቀኝ እንዳይምታታብኝ።

ዝናቡ ከመቱ ይብሳል። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። ውሃ ከምንጭ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ዳገት ነው። መቱ ቧንቧው ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል፤ ሲመጣ ግን ግቢ ድረስ ነው። ሌሊት እዚህ ጸጥ ይላል። ሰው ታሞ ከባድ ከሆነ ወዴት ትወስዱታላችሁ ብዬ የሸምሱን ሚስት ብጠይቃት "አላህ ያውቃል" አለች። ማርና ቅመም ሞልቷል። ቆጮ አለ፤ እናቴ ቤት የበላሁት ዓይነት፣ ያውም ትኩስ። ስበላው አገሬ የገባሁ ያህል ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ግማሹን ትቼ ተነሳሁ።

ሰዉ በሸክኛ ያወራል፤ እኔን ሲያይ ወደ አማርኛ ይዞራል። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ደህና ነሽ ብትለኝ "ፈያ" ብዬ መለስኩላት። ኦሮምኛው ከአፌ አመለጠኝ። እሷም ለጎረቤቷ "የሸምሱ ዘመድ ናት፣ ኦሮሞዋ" አለቻት። ክፋት አልነበረውም። መቱ ላይ ጉራጌዋ ይሉኛል፤ ስልጤ ነኝ ብዬ ማረም ከተውኩ ቆየሁ። እዚህ ደግሞ ኦሮሞዋ። መሳቅ ነበረብኝ።

ሐምሌ 21

ሱቁን አየሁ። መንገድ ዳር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው። ሰው አለበት።

ፀጉር ቤት ነው። የምትሠራበት ሴት ሸዋርካብሽ ትባላለች፤ ከሆሳዕና በኩል የመጣች፣ ባሏ የሞተባት። ጋሼ ሸምሱ እዚያው ፊቷ ቆሞ፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፣ ለአዲስ ዓመት ትለቃለች አለኝ። የደንበኛዋን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር። ጣቶቿ አልቆሙም።

ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ለዚያ ነው የመጣሁት። ጥግ ላይ ስደርስ ራሷ ወንበሩን አነሳችልኝ። "ከዚህ በኩል ያፈሳል። ጨርቅ እንዳታስጠጊበት" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከመስተዋቱ ሥር ሕፃን ተኝቷል። ሴት ይሁን ወንድ አላየሁም።

እኔ አላስወጣኋትም። ባለቤቱ ነው። ጋሼ ሸምሱ ነው።

ሐምሌ 24፣ መቱ

ለሱፊያን ነገርኩት። ሱቁ ሰፊ ነው፣ መንገድ ዳር ነው፣ ምንጩ ቅርብ ነው፣ ቆጮ አለ። ፊቱ በራ። ጨለማ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። መስተዋቱ ብርሃን ይመልሳል ልል ነበር። የማን መስተዋት እንዳይለኝ፣ አይ፣ ብርሃን አለው አልኩና ተውኩት።

ሰው እንዳለበት አልጠየቀኝም።

ሐምሌ 29

ዩኒፎርም። ዩኒፎርም። ጎረቤት ከተማ ሁሩሙ ያሉ ደንበኞቼ እንኳ መሄዳችንን ሰምተው መጥተዋል፤ ከመሄድሽ በፊት ስፊልን ይላሉ። ከመሄድሽ በፊት ይላሉ እንጂ አትሂጂ ያለኝ የለም።

አራርሳ በረንዳው ላይ ቆሞ ግድግዳውን ይለካል። በእጁ ነው የሚለካው፤ ሜትር የለውም። ሊጠይቀኝ ዞር አለ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። በኋላ ሳስበው ሜትሬ ከጉልበቴ ላይ ነበር።

ነሐሴ 6

ዛሬ ያልሆንኩት የለም።

ሴና ከትምህርት ቤት መጥታ ለሰባተኛ ክፍል ተመዘገብኩ አለች። ማን አስመዘገበሽ ስላት "አኮ" አለች። ዲሪቤ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ሳል፣ ልጄን ይዛ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ሳልጠየቅ። እንደ ወላጅ።

ሳላንኳኳ ገባሁባት። ምድጃ ዳር ተቀምጣለች። ቤቴን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ልጄን ልትጨምሪ ነው ወይ አልኳት። አንቺ አልኳት። ለትልቅ ሰው እንዲያ ተናግሬ አላውቅም።

ቀና ሳይሉ፣ "ልጅቱን እኔ ጋ ተያት፣ ትማር" አሉኝ። "ማሻ ወስደሽ ምን ልታደርጊያት ነው? ክፍሉ ውስጥ አፏን ይዛ ልትቀመጥ?"

ሱቁን ይተዉልንና፣ እኔም ከልጄ ጋር እቀራለሁ አልኩ።

ያኔ ቀና አሉ። "ሲሃም፣ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እኩዮቹ የትኛው ጫካ እንደገቡ ታውቂያለሽ። የሚሠራው ካላገኘ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ አልጋው ባዶ ይሆናል። አንቺን ባስቀይምሽ ትጠይኛለሽ እንጂ አትሞችብኝም። መረጥኩ።"

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አልጽፈውም። ስወጣ አራርሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ጎን ዞሮ አሳለፈኝ።

እንደገባሁ ሳላቸው ተነሳባቸው። ብዙ ቆየ። ሴናን ዝንጅብል ይዘሽላቸው ሂጂ አልኳት። ስለጮህኩባቸው ነው እንጂ ስላዘንኩላቸው አይደለም።

ነሐሴ 14

ሴና ትቅር አልኩ። እስከ ዓመቱ አጋማሽ ብቻ። ሱፊያን በደስታ ተስማማ ለማለት ይከብዳል፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

የት ትተኛለች፣ ምን ትበላለች፣ ሶላቷንስ ማን ያስታውሳታል ብዬ እሳቸውን አልጠየቅኩም። አንነጋገርም። ሴና ግን፣ አኮ የኔን መስገጃ የምታነጥፍበት ቦታ አጸዳች ብላ ነገረችኝ።

ነሐሴ 22

ዕቃ ስናስር አላስቻለኝም። ያ ሱቅ ሰው አለበት አልኩት ሱፊያንን።

"አውቃለሁ" አለ። ገመዱን እያጠበቀ ነው የሚያወራው። ወንድሙ መጀመሪያውኑ ነግሮት ነበር።

ሴት ናት፣ ልጅ አላት አልኩት።

"እኛስ ልጅ የለንም? ለኛ ማን ቆመልን?" አለ። "አንቺ ባታስወጫት ሌላ ያስወጣታል። ወንድሜን በነገረኛ ሚስት አላዋርደውም።"

ነገረኛ አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ብዙ ዝም ብሎኛል እንጂ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እኔም አንተ ጫማ ከማቀፍ ሌላ የምታውቀው የለህም አልኩት። ጀርባ ለጀርባ ተኛን። የሚገርመኝ፣ የሱ ክርክር ልክ ይመስላል። አራርሳም ለእናቱ ይህንኑ ሳይላቸው አይቀርም።

ጳጉሜን 2

አይሱዙው ማለዳ መጣ። አራርሳ ሳይጠራ መጥቶ የስፌት መኪናዬን አነሳ። ተወው አልኩ። አልተወውም፤ ብቻውን ተሸክሞ ጫነው፣ እንዳይወድቅም በፍራሽ ደገፈው። ላመሰግነው አፌን ከፍቼ፣ የጨርቁን ጆንያ አርጥበኸዋል አልኩት። አልረጠበም ነበር።

እትዬ ዲሪቤ እስከ መንገዱ ወጡ። ሊስሙኝ ጠጋ ሲሉ እጄን ዘረጋሁላቸው። ጨበጡኝ። ሴና ከጎናቸው ቆማ ቀሚሳቸውን ይዛለች። የኔን አይደለም።

ጎሬን እስክናልፍ ድረስ ከሱፊያን ጋር አልተነጋገርንም። ከዚያም በኋላ አልተነጋገርንም።

ጳጉሜን 3፣ ማሻ

ሁሉን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ይዘንባል። ሸዋርካብሽ አልወጣችም ነበር። ሌላ ቤት እንዳላገኘች፣ እስከ መስቀል እንዲታገሷት እንደለመነች ጎረቤቶቿ ነገሩን። ጋሼ ሸምሱ ጭነቱ ይረጥባል ብሎ ዕቃዋን ማውጣት ጀመረ። ወንበሩን ጭቃው ላይ አቆመው። ሳፋውን፣ ማበጠሪያና ዘይት ያለበትን ካርቶን። እሷ ልጇን አዝላ ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ አትለምንም፣ አትሳደብም። ሰው ቆሞ ያያል። ደግሞ መስተዋቱን አነሳ።

መስተዋቱ ውስጥ ራሴን አየሁ፤ ከአይሱዙው ላይ፣ ከጨርቄ መሃል ተቀምጬ።

ወረድኩ። መስተዋቱን ከእጁ ተቀብዬ መልሼ አስገባሁት። ከዚያ ወንበሩን አስገባሁ። ካርቶኑ ከሥሩ ርሶ ተቀደደ፤ የወደቀውን ለቃቀምኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ጋሼ ሸምሱ።

"ግማሹ ይበቃኛል" አልኩ።

የሱፊያን ጫማስ የት ይገባል አለ። ገበያ ላይ ድንኳን ይትከል አልኩ። ሱፊያን በሰው ፊት እንዲህ መባሉን ይቅር አይለኝም፤ ፊቱን አየሁት። ጋሼ ሸምሱም ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጭ አለኝ። እሺ አልኩ። የስፌት መኪናዬን የሚያወርድልኝ ጠፋ፤ በመጨረሻ ሾፌሩና ሸዋርካብሽ አወረዱልኝ።

እሷም አላመሰገነችኝም። "መስተዋቱን በቅባት እጅሽ ነካሽው" ብላ በጨርቅ ወለወለችው።

መስከረም 4፣ 2015

ሸዋርካብሽ ክፉ ሴት ናት። መጋረጃ ሰፍቼ መሃል ላይ ብሰቅል ወደኔ አንድ ጋት ገፍተሻል ብላ አስነቀለችኝ። ልጇ ክሬን ይጎትታል። ፀጉር ጨርቄ ላይ ይበናል። ስናገራት ከሆሳዕና ይዛ የመጣችውን ምላስ ታወጣብኛለች።

ባለቤቱ ሽማግሌ መጥቶ ሁለት ተከራይ አልፈልግም ብሎ ነበር። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ጮህንበት። ሄደ።

ሱፊያን ቅዳሜ ገበያ ላይ ሸራ ወጥሮ ዋለ። ማታ ወደተከራየናት ክፍል መጥቶ ውሃ ስጪኝ አለኝ። መነጋገር ከተባለ ይኸው ነው።

ሴና ደወለች። ክፍል ውስጥ ከፊት እንደተቀመጠች፣ አራርሳ ሱቁን አረንጓዴ እንደቀባው ነገረችኝ። አረንጓዴ አይሆነውም አልኩ። አኮ ሰላም ትልሻለች አለች። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሰላም በያቸው ብዬ ነበር፤ መድረሱን አላወቅኩም።

መስከረም 9

ዛሬ ዝናቡ ጋብ አለ። አንዲት ሴት ከነጋዴ የገዛችውን ጨርቅ ይዛ ገባች፤ ቀሚስ ልታሰፋ። እኔን አየችና ለሸዋርካብሽ በአማርኛ፣ ልክ እንደሌለሁ፣ "ይቺ ደግሞ ከየት የመጣች ናት?" አለቻት።

ሸዋርካብሽ ከምትጎነጉነው ፀጉር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ቀሚስ ነው የምታሰፊው ወይስ አገር ነው የምትጠይቂው?" አለቻት። "እዚህ ናት። ስጫት።"

ሴትዮዋ አፍራ ጨርቁን ዘረጋችልኝ። ሸዋርካብሽን ዞሬ አላየኋትም። እሷም አላየችኝም። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና ሴትዮዋን ክንድሽን ከፍ አድርጊ አልኳት።